ስድስት ጠርሙስ አቼቶ

የቃል ሰጪ ስም፦ ዩሪዲያ ኦላን ማጋኛ
ዕድሜ፦ 26
ሥራ፦ የከብት መኖ ባለሙያ
አድራሻ፦ ታባስኮ ግዛት፣ ሎስ ናራንሆስ መንደር
ቀን፦ ሜይ 14 ቀን 2019፣ ከቀኑ 6 ሰዓት
የቀረበችበት ጉዳይ፦ በዶኛ ኔልባ እርባታ አራት ላሞችን በመርዝ በመግደል ተጠርጥራ

በዶኛ ኔልባ የከብት እርባታ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ እሠራለሁ። ሥራዬ በበጋ እንደ እንጨት የሚደርቀውን ሳር ለላም ሆድ ማቅለል ነው። ኢንዛይም የሚባለውን ፈሳሽ በውሃ በጥብጬ በተከተፈው ሳር ክምር ላይ እረጫለሁ፤ ሁለት ሰዓት ሲቆይ ሳሩን ያላላዋል፣ ላሟም ከዚያው ሳር የበለጠ ጉልበት ታገኛለች። ለሙከራ ስድስት ላሞች ይህን ይበላሉ፤ ሌሎች ስድስት ያልተረጨውን። የእርባታው ካቦ ሩቢሴል ማይ በሠራተኞች ፊት፣ «ላሟ የራሷ ምራቅ አላት፤ ያንቺን ምን ታደርገዋለች፣ ኢንጂነርዬ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ባለፈው ዓርብ የእኔዎቹ በቀን ሁለት ሊትር ወተት ጨምረው ሲገኙ፣ ዶኛ ኔልባ ሙከራው እንዳበቃ የመንጋው መኖ በሙሉ ከእሱ እጅ ወጥቶ በእኔ ኃላፊነት እንዲሆን ወሰኑ። ከዚያ ወዲህ አልቀለደም።

ዛሬ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ረጭቼ ወተት ልለካ ወደ ማለቢያው ሄድኩ። ክምሩን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሳሩ ለላሞቹ ተሰጠ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የመጀመሪያዋ ተንቀጠቀጠች፣ ሆዷ ተነፋ፣ አረፋ ደፍቃ ወደቀች። ሌሎቹም ተከተሉ። መጠን ተሳስቼ ይሆን ብዬ የጠርሙሱን ምልክት ሦስት ጊዜ አየሁ፤ ልክ ነበር። አራተኛ ጊዜም አየሁት። በዚህ መካከል ሩቢሴል ከመኪናው ስድስት ጠርሙስ አቼቶ አውጥቶ ላሞቹን ይግት ጀመር። ሁለቱ ተረፉ፣ አራቱ ሞቱ። ዶኛ ኔልባ ሲደርሱ፣ «የዚህች ልጅ ምራቅ ነው የመረዛቸው፣ እትዬ። እኔ ባልደርስ አንዷም አትተርፍም ነበር» አላቸው። አመሰገኑት። እኔን «አምኜሽ ነበር፣ ልጄ» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ነገሩ የገባኝ በፖሊስ መኪና ስመጣ ነው። አቼቶ የሚጋተው ዩሪያ የመረዘው ከብት ነው። በበጋ ከሞላሰስ ጋር የሚሰጠው ዩሪያ ሲበዛ ልክ እንዲህ ይገድላል፤ ይህን የማያውቅ ከብት ጠባቂ በአካባቢያችን የለም። ሩቢሴል በአፉ ኢንዛይም አለ፤ በእጁ የሰጠው ግን የዩሪያ መድኃኒት ነው። ዩሪያ መሆኑን ማን ነገረው? ሙከራው ከተጀመረ ወዲህ በእርባታው ዩሪያ አይሰጥም፤ የተረፈው ከረጢት ያለበት መጋዘን ቁልፍ በእሱ እጅ ነው። አቼቶ የሚሸጠው ሱቅ በመኪና አርባ ደቂቃ ይርቃል። እሱ በሦስት ደቂቃ አመጣው፤ ለስድስት ላም ስድስት ጠርሙስ።

አሁን ሩቢሴል ጉድጓድ እያስቆፈረ ነው። ላሞቹ ከ9 ሰዓት በኋላ እንደሚቀበሩ ከእርባታው ስወሰድ ሰምቻለሁ። ከመቀበራቸው በፊት ከጨጓራቸው ናሙና እንዲወሰድ አመለክታለሁ። ከተቀበሩ ንጹሕ መሆኔን የማስረዳበት ሌላ ነገር የለኝም።

ቃሌ ሲነበብልኝ ስለ አቼቶው የተናገርኩት አልነበረበትም። መርማሪው «ይሄ ከጉዳዩ ጋር ምን ያገናኘዋል፣ አንቺ ልጅ?» ብለውኛል። ካልተጻፈ አልፈርምም በማለቴ ተጨምሯል። አሁን የሰፈረው ሁሉ እኔ ያልኩት ነው፣ እውነት ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት እጠየቅበታለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ዩሪዲያ ኦላን ማጋኛ፣ ከቀኑ 8፡20
የመርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

የመርማሪ ማስታወሻ፣ 8፡25፦ ቁፋሮው እንዲቆም ወደ እርባታው ተደውሏል። ስልኩን ያነሡት ራሳቸው ሩቢሴል ማይ ናቸው።