ሰር ላዮኔል ያላወቁት ነገር

ኮርቻ ሰፊው ጄቤዝ ተኬት የሃርንቢን አደባባይ ሲያቋርጥ፣ አናጢዎች የድሮውን የምርጫ መድረክ ሲያፈርሱ አየና እግሩ አልሄድ አለው። በዚያ መድረክ ላይ አያቱም አባቱም ቆመዋል። እሱም ምርጫ በመጣ ቁጥር ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሕዝብ እየሰማ፣ «ዴኮም!» ሲል የኖረው እዚያው ላይ ነው። ሃርንቢን በፓርላማ የወከለ ሰው ከዴኮም ቤት ሌላ ተሰምቶ አያውቅም፤ አባት ሲሞት ልጅ ወንበሩን እንደ ርስት ይረከባል፤ አሁን ወንበሩ የሰር ላዮኔል ዴኮም ነው።

የወንድሙ ልጅ ሄስተር ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ እንደ ተገተረ አገኘችው።

«ምነው አጎቴ፣ ለቅሶ የደረሱ መሰሉ?» አለችው።

«ለቅሶ ነው እንጂ። ከእንግዲህ ሰው እንደ ሌባ ጥግ ይዞ በወረቀት ይመርጣል አሉ። እናንተ የተማራችሁት ያመጣችሁት ጉድ ነው።»

ሄስተር ሳቋን ዋጥ አድርጋ ክንዱን ያዘችና አብረው ወደ ቤት አዘገሙ። መንገዱን ሁሉ የሚያወራው እሱ ነበር። ወረቀት ቢሰጡትም ስሙን ከሥሩ እንደሚጽፍበት ነገራት። ስም የተጻፈበት ወረቀት ይሰረዛል ብትለው፣ እንግዲያው ከበሩ ወጥቶ እንደ ልማዱ እንደሚጮህ ማለ። ወንድ ልጅ የመረጠውን በአደባባይ ካልተናገረ ምኑን ወንድ ሆነ? ይህን ሲናገር ደረቱ ይነፋል። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ጄቤዝ ውሸታም ሰው አልነበረም፤ ግን ሰው አንገቱ የለመደውን ቀንበር ጌጥ አድርጎ ማየቱ የቆየ ነገር ነው።

የዳቦ ጋጋሪው የዌልቢ ቤት ደጃፍ ሲደርሱ ሄስተር ቆመች። መስኮቱ በጣውላ ተዘግቷል። ዌልቢ ባለፈው ምርጫ መድረክ ላይ ወጥቶ የዴኮምን ተቃዋሚ፣ የሚስተር ጋርትን ስም ጠራ። መከር ሳይገባ የዴኮም ርስት አስተዳዳሪ ክሪክሞር ከቤቱ አስወጣው፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቅ የለም።

«ዌልቢ ደፋር ነበር፤ ደፋርነቱን አከብራለሁ» አለ ጄቤዝ፣ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«እኔም አከብረዋለሁ። ጎረቤትዎ ሳይለስስ? ልጁ በዚያ በገማ ጉድጓድ ውሃ ታሞ ከተኛ ሰነበተ። ንጹሕ ውሃ አስገባለሁ ያለው ጋርት ብቻ ነው። ሳይለስ ደግሞ የሚኖረው በሰር ላዮኔል ቤት ነው።»

«ታዲያ በወረቀቱ ይደበቅ። እኔ ምን አገባኝ? እኔ አልደበቅም።»

«አጎቴ፣ እኔ ሴት ነኝ፣ ወረቀቱ አይደርሰኝም። አንድ ነገር ግን ይስሙኝ። እርስዎ ወጥተው ‹ዴኮም› ይላሉ፤ ቀጥሎ የወጣውም ‹ዴኮም› ይላል፤ ከዚያ ሳይለስ ዝም ብሎ ይወጣል። ዝም ያለውን ክሪክሞር የሚስተው ይመስልዎታል? የእርስዎ ጩኸት ነው የሱን ዝምታ የሚያጋልጠው።»

ጄቤዝ ክንዱን ከእጇ አላቀቀና ቀድሟት ወደ ቤት አቀና።

የምርጫው ቀን ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ምርጫው የሚደረገው ሄስተር በምታስተምርበት ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ሰር ላዮኔል ረጅም ባርኔጣቸውን ደፍተው ከክሪክሞር ጋር ደጅ ቆመዋል። ሳይለስ ከጄቤዝ ቀጥሎ ተሰልፎ ቆቡን በእጁ ያሻል። ፊቱ አመድ መስሏል።

ጄቤዝ ገባ። ከበሮ የለ፣ ጩኸት የለ፣ የሰከረ የለ። በሰም የታሸገ ሳጥን፣ በጣውላ የተከለለ ጥግ፣ በክር የታሰረ እርሳስ፣ ሌላ ምንም የለም። ዝምታው ቤተ ክርስቲያን የገባ አስመሰለው። ወፍራም ቆዳ ሲበሳ በኖረው እጁ ወረቀቱን ዘረጋ። ዘመኑን ሁሉ ሲመርጥ የኖረው ሰው፣ ማንን ልምረጥ ብሎ ራሱን የጠየቀው ገና ያን ጊዜ ነበር። አምላኬ፣ ለካ ይህን ያህል ትልቅ ነገር ኖሯል አለ በልቡ።

ሲወጣ ክሪክሞር ፈገግ ብሎ ጠበቀው።

«እህሳ ተኬት፣ የዛሬው ዝምታ ምንድነው? ለጌታችን እንደ ወትሮው አንድ ጊዜ አሰማልን እንጂ።»

ሰር ላዮኔልም ዘወር አሉ። ጄቤዝ ሰልፉ ላይ የቆመውን ሳይለስን አየ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጌታዬ፣ ሕጉ በምስጢር ምረጥ ብሎኛል። እኔ ደግሞ ሕግ አክባሪ መሆኔን ያውቃሉ» አለ።

ሰልፉ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ሳይለስ ገባ፣ ወጣ፤ ቢጠይቁት «እኔም እንደ ተኬት ነኝ» አለና አለፈ። ከሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ያችኑ ቃል ያዘ። የሃርንቢ ሰው ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያወራ አንድ በአንድ የሚነገራቸው ሰር ላዮኔል፣ በድሃው ልብ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ጠፍቷቸው እንደ እንግዳ ቆመው ቀሩ።

ሰር ላዮኔል አሸነፉ፤ በጥቂት ድምፅ ብልጫ። ክሪክሞር ሊያባርር ፈለገ፤ ግን ማንን ያባርር? ወዳጅና ጠላት ያልተለየለት ጌታ ሁሉንም እንደ ወዳጅ ከመያዝ ሌላ መንገድ አልነበረውም። እናም በጸደይ ሰር ላዮኔል ራሳቸው በእግራቸው መጥተው ጉድጓዱን አሸተቱ፣ አፍንጫቸውን ያዙ፣ አዲስ አስቆፈሩ። የሳይለስም ልጅ አገገመ። የምስጢር ምርጫ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ደካማውን ይሸሽጋል፣ ኃያሉንም ትሕትና ያስተምራል።

አዲሱ ጉድጓድ አጠገብ ሄስተር ውሃ እየቀዳች አጎቷን ነካ አደረገችው።

«እስቲ ለእኔ እንኳ ይንገሩኝ፤ ያን ቀን ማንን መረጡ?»

ጄቤዝ ከባልዲው ጠጥቶ ጢሙን ጠረገ።

«እሱን ላንቺም አልነግርሽም፣ ልጄ። ይህን ብቻ ዕወቂ» አለ። «ያን ቀን መራጩ እኔው ራሴ ነበርኩ።»