ጋሽ ቆይና የማያልቀው ሰነድ

እሺ፣ ብርጭቋችሁን ለጊዜው አስቀምጡና ስሙኝ። ጋሽ ቆይ፣ እርስዎም ይቀመጡ። ዛሬ የእርስዎ የጡረታ ሽኝት ነው፤ ወንበር የሚያስተካክል ሌላ ሰው አለ።

ጋሽ ቆይ ከእንግዳ መቀበያው ወደ እኔ ክፍል የተዛወሩበትን ቀን መቼም አልረሳውም። የራሳቸውን ወንበር ተሸክመው፣ ትራሳቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ። ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ይሄ ዳታቤዝ የምትሉት የት ነው የሚቀመጠው? ቦታውን እንዳልይዝበት» አሉኝ። ሳቅሁ። ያን ቀን ለሳቅሁት ሳቅ እስከ ዛሬ እየከፈልኩ ነው።

ሥራው ቀላል ነበር። የስፌት መኪና የምንጠግንላቸውን ደንበኞች ስምና ስልክ ጋሽ ቆይ ለዓመታት በአንድ ረጅም ሰነድ ላይ ሲተይቡ ኖረዋል። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ ወደ ዳታቤዙ አስገባለሁ። አለቃችን በሁለት ሳምንት ያልቃል ብሎ ነበር። ሁለተኛ ልጄን ልወልድ ስወጣ «ሀ» ላይ ነበርን። ወልጄ ስመለስ፣ እሳቸው ብቻቸውን ሲሠሩ ከርመው «ለ» ላይ ደርሰዋል።

ምን ላድርግ? ዳታቤዙ የሚጠይቀው ስም፣ የአባት ስም፣ ስልክና አድራሻ ነው። ጋሽ ቆይ የሚያነቡልኝ ደግሞ «ሸሚዝ ሰፊው፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን የነበረው፣ አሁን የለም» የሚል ነው።

«ጋሼ፣ አድራሻው የቱ ነው?»

«አሁን የለም።»

«እሱን ምን ብዬ ላስገባው?»

«እንደዚያው ብለሽ አስገቢው። እዚያ ድረስ ሄዶ የሚደክም ሰው እንዳይኖር።»

የአንዲት ልብስ ሰፊ ስም ጎን ደግሞ «ልጇን ኩፍኝ ይዞታል፣ አሁን አትደውሉ» ይላል። ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ያው ኩፍኝ የያዘው ልጅ ነው፤ ድምፁ ጎርንኖ፣ የራሱን ልጆች ዝም እያሰኘ። ይህን ስነግራቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እሰይ፣ ድኗላ።»

«ቆይ» የሚለው ስምም በከንቱ አልወጣላቸውም። ምሳ እንውጣ ስንላቸው፣ ቆይ። ኮምፒውተሩን እንዝጋ ስንላቸው፣ ቆይ። ሰው ሁሉ ሞባይል ይዞ እሳቸው ባዶ እጃቸውን ናቸው፤ ይግዙ እንጂ ስንላቸው፣ «ቆይ፣ ቢሮ ስልክ አለ አይደል?»

ከሁሉ ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። እኔ ከላይ እያነሳሁ ሳስገባ፣ እሳቸው ለካ ከታች ይጨምራሉ። ማታ ጥቂት ሰው ነው የቀረን ብዬ ቤቴ እገባለሁ፤ ጠዋት ስከፍተው ተራብቶ ይጠብቀኛል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። በሰነዱ ላይ የይለፍ ቃል አደረግሁበት። አዲስ ሰነድ ከፈቱ። ለምን ቀጥታ ዳታቤዙ ውስጥ አያስገቡም ብዬ ጮህኩባቸው።

«ስልክ የሌለውን ሰው አልቀበልም ይለኛላ» አሉኝ። «ሰውየው ስልክ ባይኖረውም የስፌት መኪናው ተበላሽቶበታል። ታዲያ የት ልጣለው?»

ከዚያ ወዲያ የስልኩ ቦታ ላይ ዜሮ እየደረደርን ማስገባት ጀመርን።

አሁን ቀልዱን ላቁም። አራስ ቤት ሳለሁ፣ ሥራው ዘገየ ተብሎ ቦታዬ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነበር። ብዙዎቻችሁ ይህን አታውቁም። ጋሽ ቆይ አለቃችን ቢሮ ገብተው፣ «ሥራው የዘገየው በእኔ ነው። እሷን ካነሳችሁ እኔንም አንሱኝ» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ የዘገየውስ በእሳቸው ነው። ግን ሁሉም ጥፋቱን ሌላው ላይ በሚያላክክበት ቤት፣ በር አንኳኩቶ «የእኔ ነው» ያለ ሌላ ሰው አላየሁም። ለእኔ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ ከጸሐፊዋ ነው የሰማሁት። ጋሼ፣ ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያ ሥራ ደመወዝ ነው። አመሰግናለሁ። ስቆጣዎት የኖርኩት ስለምወድዎት ነው። ግማሹን ማለቴ ነው፤ ግማሹ እውነተኛ ንዴት ነበር።

ዛሬ ጠዋት የመጨረሻዋን ደንበኛ አስገብቼ፣ ተመስገን ብዬ ሰነዱን ልዘጋ ስል፣ ከታች አንድ ሰው ተጨምሯል። የጋሽ ቆይ ስም ነው። ጎኑ ላይ «ጡረታ ወጥቷል፣ ቤት ነው ያለው፣ አልፎ አልፎ ጠይቁት» ይላል። ስልኩ ባዶ ነው።

ላስገባዎት ሞከርኩ፤ ዳታቤዙ «ስልክ ቁጥር ያስፈልጋል» ብሎ መለሰዎት። ዜሮ ልደረድር ስል እጄ እምቢ አለኝ። እርስዎን በዜሮ አላስገባም ብዬ ለስጦታዎ ያዋጣነውን ይዤ ወጣሁ። ሰዓት ልንገዛልዎት ነበር ያሰብነው፤ ለእርስዎ ደግሞ ሰዓት ምን ያደርጋል።

ይኸው፣ ሳጥኑን ይክፈቱት። ሞባይል ነው። ቁጥሩ ዳታቤዙ ውስጥ ገብቷል፣ ከጎኑ የጻፉትም እንዳለ ገብቷል። ሰነዱን ዘግቼዋለሁ።

እንግዲህ ሁላችሁም ብርጭቋችሁን አንሱ። ጋሼ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎት። የልጅ ልጆችዎን ጠግበው ይዩ። ማንም የማያጣድፍዎት ጊዜ ይሁንልዎ። ለጋሽ ቆይ!

እየደወልኩልዎት ነው። ያንሱት። ኧረ ጋሼ፣ አረንጓዴውን ይጫኑት እንጂ፣ ዛሬ እንኳ «ቆይ» አይበሉኝ።