ተራዬን አላስነጥቅም

ልጅቷ ከሩቅ አገር ተምራ ከተመለሰች ገና ወሯ ነው። ቤት መቀመጥ አልሆንላት ብሎ በማለዳ ወደ ወንዙ ወረደች። የመስኖው ውሃ መልቀቂያ በር ላይ አጎቷን አገኘቻቸው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ሌሊቱን ዝናብ ሲመታው ባደረ የሽንኩርት መደባቸው ላይ ውሃ ይለቃሉ።

«ጋሼ! መደቡ እኮ ጭቃ ሆኗል!»

«ዛሬ ተራዬ ነዋ።»

«ሽንኩርቱ ግን አልጠማውም።»

«እሱ ባይጠማው እኔ ሰግቻለሁ። ተራውን ያሳለፈ ሰው ‹ውሃ ተርፎታል› ተብሎ ለከርሞ ይቀነስበታል። ደንቡን እኔ አላወጣሁት። ተራዬን አላስነጥቅም!»

ሽማግሌው ሞኝ አልነበሩም። የቆጠበ ሰው በሚቀጣበት ሰፈር ማን ይቆጥባል?

ልጅቷ አንድ ሽንኩርት ነቅላ ሰጠቻቸው። ሥሩ በጣታቸው መሃል ተልፈሰፈሰ። የዓመት ልፋታቸው እየበሰበሰ መሆኑን አዩ፤ በሩን ግን አልዘጉም።

ይኼኔ ከወንዙ ታች ጨርቅ ቀለም የምትነክረው ጎረቤታቸው እስከ ክንዷ ሰማያዊ ሆና እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ፣ እባክዎ! ጨርቄ ቀለም ውስጥ ተዘፍዝፏል፤ ማለቅለቂያ ውሃ የለኝም። ዛሬ ካልታጠበ ይዥጎረጎርና ማንም አይረከበኝም።»

«ወንዙ አለልሽ አይደል?»

«ወንዙማ የእርስዎ መደብ ላይ ተኝቷል!»

ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ቶሎ ተኮሳተሩ። «እኔ የማበቅለው ምግብ፣ አንቺ የምትነክሪው ጌጥ። ማን ይቀድማል?»

«ዛሬ እሷ!» አለች ልጅቷ፣ ድምጿ ከፍ ብሎ። «ሽንኩርቱ ራስ በሚቋጥርበት ሳምንት ደግሞ እርስዎ። የማን ሥራ ይበልጣል ብለው አይጠይቁ፤ ውሃው ዛሬ ቢቀርበት የሚጎዳው ማን ነው ይበሉ። ተራዎን ያበድሯት እንጂ አይስጧት።»

«ብትክደኝስ፣ የኔ ምሁር?»

«እሱን አላውቅም ጋሼ፤ አልተማርኩትም» አለች ልጅቷ።

«እኔ አውቃለሁ» አለች ነካሪዋ። «የውሃ ዳኛው ይጠራና ፊቱ ቃል እገባለሁ። በዚያ ሳምንት ጋኖቼን ደፍቼ እቀመጣለሁ። ጨርቅ ነክሮ ማቆየት ይቻላል፤ ሽንኩርት ግን ቆይ ቢሉት አይሰማም።»

የውሃ ተራ የሚደለድለው ዳኛ ተጠርቶ መጣ። አጎትየው አፍጥጠው ያዙት፦ «ያበደረ ሰው ተራው ይቀነስበታል?»

«እስከ ዛሬ ያበደረ የለም።»

«ዛሬ አለ! አይቀነስበትም በል!»

«እሺ፣ አይቀነስበትም።»

አጎትየው በሩን ዘጉት። ውሃው እየተንደረደረ ወደ ታች ወረደ፤ ነካሪዋም ከሱ እኩል ሮጠች።

ቃሏንም ጠበቀች። ሽንኩርቱ ራስ በሚቋጥርበት ሳምንት የሷ ተራ በሙሉ ወደ መደቡ ገባ፤ የተረፈው ሥርም አገገመ። ጠብታ ያልጨመረው ያው ወንዝ ጨርቁንም ሽንኩርቱንም አዳነ። ሌሎችም ተራ መበዳደር ያዙ፤ ሥር ሲያበሰብስ የነበረው ውሃ፣ በበጋ ደርቀው ወደሚቀሩት የታችኞቹ ጓሮዎች መድረስ ጀመረ።

ልጅቷ አንድ ቀን በዚያው ስታልፍ አጎቷ አንድ ጡብ ሠሪ ላይ ይጮኻሉ። ሰውየው የጭቃ ማቡኪያ ጉድጓዱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ውሃ ይለቅበታል።

«አንተ ሰው፣ ዝጋና አበድር! ዳኛው ፊት ይሁን እንጂ ምን ያስፈራሃል?»