መስመሩ በየት በኩል ይውጣ?

(ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ባለች ጠባብ ጸጉር ቤት፣ አርብ ረፋድ ላይ፤ ሹሩባ ሠሪዋ ወይዘሮ ባንቺአየሁ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ አሥረኛ ክፍልን የጨረሰችው ልጃቸው ትርሲት ከፊታቸው ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላለች፤ የራሷ ግራ ጎን ተሠርቶ ቀኙ እንደተበተነ ነው።)

ትርሲት፦ ኧረ እማ! ጸጉሬን ነው ወይስ ሐሳቤን ነው የምትነቅይው?

ባንቺአየሁ፦ ሁለቱንም። ቀና በይ። ከሰዓት ምርጫ የሚመዘግቡት መምህር አንዳርጌ ፊት ቆመሽ "ተፈጥሮ ሳይንስ" ትያለሽ፤ አለቀ።

ትርሲት፦ "ማኅበራዊ ሳይንስ" ብልስ?

ባንቺአየሁ፦ በግማሽ ሹሩባ ትሄጃለሽ።

ትርሲት፦ እማ!

ባንቺአየሁ፦ ምን እማ አለው? ግራው አልቋል፣ ቀኙ አንቺን እየጠበቀ ነው። ቃልሽን ስጪኝና ልጨርስልሽ።

ትርሲት፦ ደግሞ መስመሩን መሐል ለመሐል አወጣሽው። በጎን በኩል ይሁንልኝ አላልኩሽም?

ባንቺአየሁ፦ ፊትሽ ክብ ነው፤ መሐል ነው የሚያምርብሽ። የስንቱን ራስ የሠራሁ ሴት፣ የገዛ ልጄ መስመር በየት በኩል እንደሚወጣ ይጠፋኛል?

ትርሲት፦ አሁን የምናወራው ስለ ጸጉሩ መስመር ነው ስለ ትምህርቱ?

ባንቺአየሁ፦ ስለ ሁለቱም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም።

ትርሲት፦ መምህር አንዳርጌ ግን "ራሳችሁ ምረጡ" ነው ያሉን። "በጭፍን አይደለም፤ መረጃ ሰብስቡ፣ ክፍል ውስጥ ምን እንደገባችሁ፣ ምን እንዳልገባችሁ ቁጭ ብላችሁ አስቡ፣ ከወላጅ ተማከሩ" አሉን።

ባንቺአየሁ፦ እኔስ መረጃ አልሰበሰብኩም? እዚህ የተቀመጠውን ሁሉ ጠይቄያለሁ። ባንክ የምትሠራዋ ልጅ "ዶክተር ትሁን" አለች። የዳኛው ሚስት "ዶክተር" አለች። ባለፈው እንኳ ሙሽራዋ ከነሚዜዎቿ "ዶክተር!" አሉ።

ትርሲት፦ ጸጉራቸው እጅሽ ውስጥ እያለ ሌላ ምን ይበሉ?

ባንቺአየሁ፦ ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌስ? እግራቸው አብጦ የት የት ሲንከራተቱ ከርመው፣ በአንድ ቃል ያዳንሻቸው አንቺ አይደለሽም?

ትርሲት፦ "ጫማ ይቀይሩ" ነው እኮ ያልኳቸው።

ባንቺአየሁ፦ ተሻላቸው ወይስ አልተሻላቸውም?

ትርሲት፦ ጠቧቸው ነበራ! የልጃቸውን ጫማ ነበር ያደረጉት!

ባንቺአየሁ፦ ይኸው፣ መረመርሽ፣ አዘዝሽ፣ ዳኑ። ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራኝ "የዶክተሯ እናት" እያለ ነው። አሁን ምን ልበላቸው? "ልጄ ማኅበራዊ ገባች" ስላቸው "ምነው፣ ገና በዚህ ዕድሜዋ ዕድር?" አይሉኝም?

ትርሲት፦ ማኅበራዊ ሳይንስ ዕድር አይደለም! ጂኦግራፊ አለ፣ ታሪክ አለ፣ ኢኮኖሚክስ አለ…

ባንቺአየሁ፦ በጂኦግራፊ ስንት አመጣሽ?

ትርሲት፦ ስድሳ ስምንት።

ባንቺአየሁ፦ በባዮሎጂስ?

ትርሲት፦ … ዘጠና ሦስት።

ባንቺአየሁ፦ በቃ! መረጃ አላልሽም? ይኸው መረጃ። ነይ ዙሪ፣ ቀኙን ልጀምርልሽ።

ትርሲት፦ ቆይ። እስቲ ከዘጠና ሦስቱ ላይ አንዱን ጠይቂኝ።

ባንቺአየሁ፦ እኔ ባዮሎጂ የት አውቄ?

ትርሲት፦ "ኦስሞሲስ ምንድን ነው?" በይኝ።

ባንቺአየሁ፦ ኦስ… ሞሲስ ምንድን ነው?

ትርሲት፦ "ኦስሞሲስ ኢዝ ዘ ሙቭመንት ኦፍ ዋተር ሞለኪውልስ ፍሮም ኤ ሪጅን ኦፍ ሃይ ዋተር ኮንሰንትሬሽን…"

ባንቺአየሁ፦ እልልልልል! የኔ ዶክተር! እንደ ውዳሴ ማርያም አወረድሽው እኮ!

ትርሲት፦ አሁን ደግሞ "በአማርኛ ንገሪኝ" በይኝ።

ባንቺአየሁ፦ በአማርኛ ንገሪኝ።

ትርሲት፦ … ውሃ ይሄዳል።

ባንቺአየሁ፦ ውሃ ይሄዳል? ይህንንማ እኔም አውቃለሁ! ሰፈራችን ውሃ ከሄደ ሳምንቱ አይደል? ወዴት ነው የሚሄደው?

ትርሲት፦ ወደ ፈተናው። ከደብተሬ ይነሣና በእኔ በኩል አልፎ ፈተናው ላይ ይፈስሳል። እኔ ጋ ጠብታ አይቀርም። ሽምደዳ ነው እማ! ባዮሎጂም ኬሚስትሪም እንደዚያው።

ባንቺአየሁ፦ ይሁና። እንግሊዝኛው ራሱ ደስ ይላል። ደግሞ ሐኪም የሚናገረው ለሁሉም ከገባማ ምኑን ተከበረ?

ትርሲት፦ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። የባዮሎጂ መምህራችን ሰሌዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞሉታል፤ ከዚያ ዞር ብለው "ገባችሁ?" ይላሉ። ክፍሉ በሙሉ ባንድ ድምፅ "የስ ቲቸር!" አንድም ሰው አልገባውም እኮ!

ባንቺአየሁ፦ ታዲያ አንቺ "አልገባኝም" አትይም? እኔ ላይ ሲሆን እንደ ወፍጮ የሚፈጨው አፍሽ እዚያ ምን ያዘው?

ትርሲት፦ አንዴ ብዬ ነበር። "ትርሲት ብቻ ናት ያልገባት። ሌሎቻችሁስ?" አሉ። "የስ ቲቸር!" አሉ ከሐዲዎቹ። አጠገቤ ያለችው ሰሚራ እንኳ! እሷ ደግሞ የአንድ ለአምስታችን መሪ ናት።

ባንቺአየሁ፦ አንድ ለአምስት ምንድን ነው?

ትርሲት፦ በቡድን መረዳጃ ነው። አንዷ ትሠራለች፣ አምስታችን እንገለብጣለን። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም ከሰው እኩል የስ ቲቸር ሆንኩ።

ባንቺአየሁ፦ ደግ አደረግሽ። ዝም አይነቅዝም።

ትርሲት፦ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል።

ባንቺአየሁ፦ ተረት በተረት አትመልሽልኝ፤ እናትሽ ነኝ። ያ ስድሳ ስምንቱስ? እሱም በእንግሊዝኛ አይደል የሚሰጠው?

ትርሲት፦ ነው። ግን የጂኦግራፊዋ መምህርት ሐያት መስኮቱን ከፍተው "እስቲ የጦሳን ተራራ እዩት። ጠዋት ጠዋት ያ ሁሉ ጉም ከየት ይመጣል?" አሉን።

ባንቺአየሁ፦ ከፈጣሪ ነዋ።

ትርሲት፦ ከፈጣሪስ ነው፤ እሳቸው የጠየቁን በየት በኩል እንደሚመጣ ነው። እርጥቡ አየር ከቆላው ተነሥቶ ዳገቱን ይወጣል። እየወጣ ሲሄድ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ የተሸከመውን እርጥበት መያዝ ያቅተውና ያወርደዋል። ያ ነው ጉሙ።

ባንቺአየሁ፦ ልክ እንደኔ! ዘንቢሌን ይዤ ዳገቷን ስወጣ እትዬ ዘርፌ ደጃፍ ላይ እንደማሳርፈው!

ትርሲት፦ ልክ እንደሱ!

ባንቺአየሁ፦ ታዲያ ረፋድ ላይ ብትንትን የሚለውስ?

ትርሲት፦ ፀሐይ ታሞቀዋለቻ። አየሩ ሲሞቅ ጉልበት ያገኝና ያወረደውን መልሶ ይሸከመዋል።

ባንቺአየሁ፦ አሃ! እኔም ትንሽ ካረፍኩ በኋላ… ቆይ፣ ታዲያ ኮምቦልቻ ለምንድን ነው እንደዚህ በጉም የማትሸፈነው?

ትርሲት፦ እማ፣ ሹሩባውን ረሳሽው እኮ።

ባንቺአየሁ፦ ማ? እኔ? … አዘናግተሽኝ ነው! ይህን ሁሉ እያወቅሽ ታዲያ ስድሳ ስምንት የሚሰጡሽ ለምንድን ነው?

ትርሲት፦ ምርጫ ነበር ፈተናው። አንዳንዱ ጥያቄ ላይ ሁለቱም መልስ ትክክል መሰለኝና ጥግ ላይ ምክንያቴን ጻፍኩ።

ባንቺአየሁ፦ "ክበቢ" ሲሉሽ ትከራከሪያለሽ? ጠበቃ ነሽ እንጂ አንቺ ተማሪ አይደለሽም!

ትርሲት፦ ጠበቃ የሚኮነውም በማኅበራዊ በኩል ነው።

ባንቺአየሁ፦ አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች አሉ! ማበጠሪያው እጄ ላይ መሆኑን ረሳሽ? እሺ፣ ጉም አስረድቶ ምን ይበላል?

ትርሲት፦ እሱን ጠይቄያለሁ። መምህርት ሐያትን ጠየቅሁ፣ ከእኛ በፊት የመረጡትንም ጠየቅሁ። ማኅበራዊ የገባ ሁሉ ሥራ አያገኝም፤ ይህን አልዋሽሽም። ተፈጥሮ ገብተው በግድ ሲማሩ አቅቷቸው ቤት የተቀመጡም አሉ፤ እሱንም አልደብቅሽም። ካርታ ሥራ አለ፣ የአየር ትንበያ አለ፣ ማስተማርም አለ። ከሁሉም እኔ ማስተማሩን እፈልገዋለሁ። ልክ አሁን አንቺ ኮምቦልቻን እንደጠየቅሽኝ ተማሪ ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል።

ባንቺአየሁ፦ ስሚኝ ልጄ። ሹሩባ ቢበላሽ ይፈታል። ሙሽራ ራስ ላይ የሠራሁትን እንኳ፣ ሚዜው ደጅ ላይ ጥሩንባ እየነፋ፣ ፈትቼ አውቃለሁ። ትምህርት ግን አንዴ ከገቡበት አይፈታም።

ትርሲት፦ እኔም የምጨነቀው ለዚህ ነው!

ባንቺአየሁ፦ እኔስ ዝም ብዬ ሰው "የዶክተሯ እናት" እንዲለኝ ብቻ ይመስልሻል? አባትሽ የታመመ ጊዜ ትዝ ይልሻል?

ትርሲት፦ ትንሽ ትንሽ። ልቡ በኃይል ይመታ ነበር፣ እንቅልፍም አጥቶ ነበር።

ባንቺአየሁ፦ ሐኪሙ ፊት ተቀመጥን። ልጅ እግር ነው፣ ደግ ነው። ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ አወራ፣ አወራ፣ አወራና መጨረሻ ላይ "ገባችሁ?" አለን።

ትርሲት፦ አንቺስ?

ባንቺአየሁ፦ "እሺ ዶክተር።" ዞሬ አባትሽን አየሁት፤ እሱም "እሺ ዶክተር።" ደጅ እንደወጣን "ምን አለ?" አለኝ። "አንተ አልሰማህም እንዴ?" አልኩት። ፈርቼ ነበር ትርሲት። ባሌ ይሞት ይሆን፣ ይድን ይሆን አላውቅም፤ ተመልሼ መጠየቅ ደግሞ አፈርኩ። ያን ቀን ነው "ከዚህ ቤት አንድ ሰው ይህን ነገር ተምሮ ያስረዳኛል" ብዬ የማልኩት።

ትርሲት፦ እማዬ… ይህንን ነግረሽኝ አታውቂም።

ባንቺአየሁ፦ ምን ብዬ ልንገርሽ? ደግነቱ አንዲት ቃል ይዤ ወጣሁ። በእሷው ነው ያዳንኩት።

ትርሲት፦ የቷን ቃል?

ባንቺአየሁ፦ "ስትረስ።" "ስትረስ ከቤታችሁ ይጥፋ፤ የሚጎዳው እሱ ነው" አለ። እኔም አጠፋሁት።

ትርሲት፦ ምኑን አጠፋሽ?

ባንቺአየሁ፦ ቅቤውን ነዋ!

ትርሲት፦ ቅቤውን?

ባንቺአየሁ፦ መጀመሪያ ቅቤውን። ልቡ አልተወውም። ከዚያ በርበሬውን። ከዚያ ቡናውን። ስትረሱ የትኛው ውስጥ እንዳለ በምን አውቄ? አንድ በአንድ አስወጣሁት።

ትርሲት፦ አባዬ እስከ ዛሬ ያለ ቅቤ ሽሮ የሚበላው ለዚህ ነው?!

ባንቺአየሁ፦ ይኸው በጤናው አለ አይደል? አንዳንዴ ተደብቆ ቅቤ ሲያስነካ ስይዘው ግን ጩኸቴ ጦሳ ድረስ ይሰማል!

ትርሲት፦ እማ… ስትረስ ምግብ አይደለም።

ባንቺአየሁ፦ መጠጥ ነው?

ትርሲት፦ ጭንቀት ነው። "አታስጨንቁት፣ አትጩኹበት" ማለቱ ነበር።

ባንቺአየሁ፦ … አትጩኹበት?

ትርሲት፦ አዎ።

ባንቺአየሁ፦ እኔ…?

ትርሲት፦ ስትረሱማ አንቺ ነበርሽ!

ባንቺአየሁ፦ በስመ አብ! ቅቤውን እያባረርኩ እኔው ቤት ቁጭ ብያለሁ? አትሳቂ! አትሳቂ እኮ ነው የምልሽ፣ ራስሽ ተንቀጠቀጠብኝ! … ታዲያ ይህ ሰው በምን ዳነ?

ትርሲት፦ የመስመር ሹፌር ነዋ! ሳምንቱን ሙሉ ቤት የለም።

ባንቺአየሁ፦ ጉድ ነው ዘንድሮ! … ምስኪን ባሌ። ዛሬ ሲገባ አንድ ጭልፋ ቅቤ ነው የማደርግለት። አየሽ ታዲያ? እንዲህ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳኝ ሰው ነው ያጣሁት! ለዚህ ነው ዶክተር ሁኚ የምልሽ።

ትርሲት፦ እማ፣ እኔ ዶክተር ብሆን ያንኑ ሐኪም ነው የምሆነው።

ባንቺአየሁ፦ እንዴት?

ትርሲት፦ አንቺ የመሰለች እናት ፊቴ ትቀመጣለች። ፈርታለች። "ልጄ፣ ባሌን ምን ነካብኝ?" ትለኛለች። እኔ ደግሞ "ኦስሞሲስ ኢዝ ዘ ሙቭመንት ኦፍ ዋተር…" እልና "ገባሽ?" እላታለሁ። እሷስ ምን ትላለች?

ባንቺአየሁ፦ … "እሺ ዶክተር።"

ትርሲት፦ ከዚያ ቤቷ ገብታ ቅቤ ታባርራለች።

ባንቺአየሁ፦ ውይ፣ ምስኪን።

ትርሲት፦ ክፍላችን ውስጥ ባዮሎጂው ከልባቸው የሚገባቸው ልጆች አሉ። ለዚያች ሴት ሐኪም እነሱ ይሁኑላት። እኔ ገብቶኝ ለሰው የማስረዳው ሌላ ነው።

ባንቺአየሁ፦ እሺ።

ትርሲት፦ የትኛው እሺ? ለሐኪሙ ያልሽው እሺ ነው? ካልገባሽ "አልገባኝም" በይኝ እማ፤ ደግሜ አስረዳሻለሁ። … እማ? ምን እያደረግሽ ነው? የሠራሽውን ለምን ትፈቺዋለሽ? ሰዓቱ እየደረሰ ነው፣ መምህር አንዳርጌ ይሄዱብኛል! ተዪው በቃ፣ በግማሹም እሄዳለሁ!

ባንቺአየሁ፦ አርፈሽ ተቀመጪ፣ ስትረስ አትሁኚብኝ። በየት በኩል ነበር ያልሽኝ? መስመሩን በየት በኩል ላውጣልሽ?