የወፏ መጋረጃ

በኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ የከበረ ነገር ፊቱን ገልጦ ለመንገደኛ ሁሉ አይታይም ነበር፣ ይጋረዳል። ታዲያ እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ የካቶሊክ ሴት መነኮሳቱ ጸሎት ቤታቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ ለኛ ለኦርቶዶክሶቹ ሲፈቅዱልን፣ ከበሩ በላይ አርማቸው አለ፣ አንዲት ወፍ፣ በሬ የምታህል፣ ደረቷን በምንቃሯ ወግታ ጫጩቶቿን ደሟን ታጠጣለች። ከሥሯ በላቲን ተጽፏል። ባለቤቴ ደብሪቱ አየችና፣ "ይኼማ የሥጋ ወደሙ ምሥጢር ነው፣ እንዴት ራቁቱን ይሰቀላል?" ብላ ቀይ የከፋይ መጋረጃ ሰፋች፣ እኔም መሰላል ወጥቼ ሰቀልኩት። ከመሰላሉ ላይ ከከተማው ማዶ ሬድስቶን ሰፈር ያለው ቤታችን ታየኝ፣ እመኑኝ።

ታዲያ ዓርብ ከሰዓት የኮሚቴያችን ጸሐፊ ጌታሁን ደወለ።

"ጋሼ፣ አለቀልን። እመምኔቷ መጋረጃውን አይተውታል። ቁልፉን መልሱ ብለዋል፣ የነገው ካንስል ነው።"

ነገ ማለት ደግሞ የልጅ ልጄ አርባ ቀን ነው፣ ክርስትናው። አርባ ቀን ይተላለፋል? አይተላለፍም። እና ውጪው ምራቅ መሬት ሳይደርስ ድንጋይ የሚሆንበት ብርድ ነው፣ ሕፃኑን ይዘን የት እንግባ?

ሄድን። እመምኔቷ ከመጋረጃው ሥር ቆመዋል፣ ቀጭን፣ ፊታቸው የተቆለፈ። ጌታሁን ያስተረጉማል።

"ወፏ ክርስቶስ ናት፣ ጫጩቶቹ እኛ ነን ይላሉ። ጽሑፉ 'ልብሽ ለሁሉ ክፍት ይሁን' ማለት ነው ይላሉ። እኛ ከፈትንላችሁ፣ እናንተ ሸፈናችሁን። እምነታችን የሚያሳፍራችሁ ከሆነ ለምን መጣችሁ ይላሉ።" ከዚያ በጆሮዬ፣ "ጋሼ፣ ሶሪ ይበሏቸውና እናውርደው።"

እኔ ታዲያ በእጄ ወደ ውስጥ ጠራኋቸው። ለነገ ያመጣነው የእመቤታችን ሥዕል አለ፣ እሱም ተጋርዷል። ቀስ ብዬ ገለጥኩ፣ ሰገድኩ፣ ተሳለምኩ፣ መልሼ ጋረድኩ።

"በላቸው" አልኩት ጌታሁንን፣ "የግድግዳ ሰዓታቸውን ሸፈንነው? ማቀዝቀዣቸውን ሸፈንነው? እሱ ምናችን ነው። ወፏን ግን አክብረን ነው የጋረድናት።"

ነገራቸው። እመምኔቷ ተመልሰው ከከፋዩ ሥር ቆሙ፣ ቀና ብለው አዩት። ቆዩ። ከመቆየታቸው የተነሳ፣ ልጆች፣ ጢሜ አደገ። በመጨረሻ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ጌታሁን ግን ሳይተረጉም ወደ ወፏ አንጋጠጠ።

"ምን አሉ፣ አንተ?"

"አጥሯል ይላሉ፣ ጋሼ። የወፏ ጭራ ይታያል፣ ለነገ ይረዝም ይላሉ።"

ደብሪቱ ከነጠላዋ ጥለት ቀድዳ ቀጠለችበት፣ ልጁም በቀኑ ተጠመቀ፣ እመምኔቷም ከፊት ወንበር ተቀምጠው አዩ።

"ጋሼ፣ ሕፃኑ አለቀሰ?"

"አለቀሰ፣ ልጆች። ከእመምኔቷ ግን ያንሳል።"