ተረት በጠራራ ፀሐይ

ከአያት ወደ የካ አባዶ የሚወስደው የታክሲ ሰልፍ ዕድሜ ይፈጃል። አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ አቶ ቶሌሳ እዚያ ቆመው ሳለ፣ ከፊታቸው እናቷ ያቀፈቻት ሕፃን አላባራ ብላ አለቀሰች። ሊያባብሏት «ጅብ አንድ ቀን ሚዳቋ ዘንድ በእረኝነት ተቀጠረ» አሉና ወዲያው አፋቸውን ያዙ። ሕፃኗ ዝም ብላ ጠበቀቻቸው። እሳቸው ግን ወደ ፀሐይዋ ቀና ብለው አዩና ፊታቸውን አዞሩ።

ከኋላቸው የቆመችው ሮዳስ መምህርት ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የጋራ ቤት ልጆች ሰብስባ መጽሐፍ ታነብላቸዋለች። ነገሩ ቢከነክናት ለምን እንዳቋረጡት በትሕትና ጠየቀቻቸው።

«ተረት በቀን አይነገርም፣ ልጄ። በቀን ተረት ያወራ ሰው ከብቱ ይጠፋል። እናቴ እንዲህ ብላ ነው ያሳደገችኝ።»

ሮዳስ አልሳቀችም፤ ይህ ለተማረ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። እረኛ ተረት ሲያዳምጥ ከብቱ ይበተን ስለነበር ሥርዓቱን ያወጡት ሰዎች ብልሆች እንደነበሩ ተናገረች። ዛሬ ግን ወላጅ ከሥራ ሲመለስ ልጁ ተኝቶ እንደሚያገኘው፣ ተረት የሚሰማበት ምሽት እንደሌለ፣ ስለዚህም እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ በቀን ለልጆች እንደምታነብ አስረዳቻቸው። አቶ ቶሌሳ ሥርዓት ስላልተመቸ ብቻ አይጣልም ሲሉ መለሱ።

«አባባ፣ አይቆጡኝና፣ ከብቶቹ አሁን የት ናቸው?»

አቶ ቶሌሳ ወደ የካ አባዶ አቅጣጫ ተመለከቱ። ከብቶቻቸው ይግጡበት በነበረው መስክ ላይ ዛሬ ፎቅ ተደርድሯል፤ እሳቸውም የሚኖሩት ከፎቆቹ በአንዱ ነው። ከብቶቹ ያለቁት መሬቱ የተወሰደ ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ በቀን አንድም ተረት አውርተው አያውቁም ነበር። ሮዳስ እንዳሳዘነቻቸው ገብቷት ይቅርታ ጠየቀች።

ምንም አላጠፋሽም አሏትና ያቋረጡትን ተረት በልባቸው ሊጨርሱት ሞከሩ። ጅቡ ተቀጠረ። ግልገሎቹን ባየ ቁጥር ምራቁን ይውጣል። ሚዳቋዋ ነቃችበት። ከዚያስ? በምን ዘዴ እንዳመለጠችው ጠፋባቸው። ሰልፉ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ ዘዴው ግን አልመጣም። ባለቤታቸው ካረፉ ስምንት ዓመት ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተረቱም። ደነገጡ። የእናታቸው ድምፅ አሁንም ይሰማቸዋል፤ የተናገረችውን ግን አጥተውታል።

«የሚጠፋው ከብት ብቻ አይደለም ለካ» አሉ። «ተረቱም ሳይነገር ሲቀር ይጠፋል። ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው?»

ሮዳስ ደስ ብሏት ጥቅሙን ዘረዘረች፦ ልጆቹ ወዳጅ መስሎ የሚቀርባቸውን መለየት ይማራሉ፤ የተረቱን ቋንቋም ከባለቤቱ አፍ ይሰማሉ፤ እሷም ተረቶቹን እየጻፈች ታስቀምጥላቸዋለች። አቶ ቶሌሳ ሁሉንም ተቀብለው አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ መጋረጃው ይዘጋ።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሃያ ያህል ልጆች በደብዛዛው ክፍል ተሰበሰቡ። አቶ ቶሌሳ እስከ ጠፋባቸው ቦታ ድረስ ተረኩና ቆሙ። የቀረውን እንደረሱት ሳይደብቁ ነገሯቸው።

«እናንተ ሚዳቋዋን ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?»

ከኋላ የአንዲት ልጅ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። «ግልገሎቹ የአንበሳ አደራ ናቸው፣ ማታ መጥቶ ይቆጥራቸዋል እለዋለሁ» አለች።

የእናታቸው ዘዴ ይህ ይሁን አይሁን አቶ ቶሌሳ አላወቁም። ጅቡ እንደሚፈራ ግን እርግጠኛ ሆኑ። ልጅቷን ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ፤ ጨለማው አላሳይ አላቸው። ተነሡና መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር ከፈቱት።

«እስቲ ድገሚልኝ» አሏት።