አዝማሪ ገላውና የሸክላው ውል

አያ ገላው ከቢቸና ወደ ሞጣ የመጡት ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የዘፈን ሸክላ ነጋዴ አዲስ ውል ሊያስፈርማቸው ስለ ቀጠራቸው ነው። ማሲንቋቸውን አንግተው ገበያውን ሲያቋርጡ ከአቶ አብዱልዋሂድ ሱቅ የሚወጣ ዜማ ሰሙና ባሉበት ቀጥ አሉ።

ዜማው የራሳቸው ነበር። ታናሽ ወንድማቸውን ፋንታን ዓባይ ወስዶት፣ ሬሳው እንኳ ሳይገኝ በቀረበት ዘመን ለልቅሶው ያወጡት ነው። ከዓመታት በፊት ለዚሁ ሸክላ ነጋዴ ዘፍነውለታል። አሁን ግን የሚዘፍነው ሌላ ሰው ነው፤ የፋንታ ስም ወጥቶ የአንዲት ጠጅ ቀጂ ስም ገብቶበታል። ጎረምሶች በደጃፉ ያጨበጭባሉ።

የባለሱቁ ልጅ ይማም በዩኒቨርስቲ ሕግ ሲማር ቆይቶ፣ በዚያ ዓመት ተማሪ ሁሉ ለሚሰጠው የአንድ ዓመት አገልግሎት ተልኮ በሞጣ ያስተምር ነበር። ሽማግሌው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየና ሸክላውን አቁሞ ወጣ።

«ምነው አያ ገላው፣ ደኅና አይደሉም?»

«ደኅና ነኝ ልጄ። በወንድሜ ልቅሶ ሲጨፈር ሰምቼ ነው» አሉና ነገሩን አጫወቱት።

ይማም በርጩማ አውጥቶ አስቀመጣቸው። «ታዲያ ዛሬም ለዚያው ሰው ሊፈርሙ ነው?»

«ምን ላድርግ? ዜማ እንደ ወራጅ ውሃ ነው፤ ከአፍ ከወጣ ማን ይመልሰዋል? አባቶቻችን ዘፍነው ተሸለሙ፣ በልተው አለፉ። ዜማዬን ብሎ የተሟገተ አዝማሪ አልሰማሁም።»

«አንቱ ርስት አለዎት?»

«በእናቴ በኩል ቁራሽ መሬት አለችኝ። በሬ ያለው ጎረቤቴ ያርሳታል፤ ምርቱን እንካፈላለን።»

«ስላረሰ ርስቱ የእሱ ሆነ?»

አያ ገላው ተቆጡ። «ምን ማለትህ ነው? ስለታረሰ ርስት ይነቀላል?»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ግጥሙና ዜማው የአንቱ ርስት ነው። ነጋዴው ገንዘቡን አውጥቶ ድምፅዎን ሲቀርጽ በበሬውና በዘሩ እንዳረሰ ይቆጠራል። ድካሙ ዋጋ አለው፤ ቅጂውም የእሱ ይሁን። ነገር ግን ሸክላው በተሸጠ ቁጥር ለባለርስቱ ድርሻ ሊወጣለት፣ ቃሉን ሲለውጥም ሊያስፈቅድ ይገባዋል። ጃንሆይ ያወጁት የፍትሐ ብሔር ሕግም ድርሰት የደራሲው ነው ይላል።»

«ሕግ ለተማረ ነው ልጄ። ዳኛ ፊት ለቆመ አዝማሪ ማን ጆሮ ይሰጣል?»

ሰው ሲናቅ ከኖረ ንቀቱን እንደ ሥርዓት ይቀበለዋል። ይማምን ያሳዘነውም ይኸው ነበር።

«እኔ እስላም ብሆንም ያደግሁት በቅኔ አገር ነው። የሰው ቅኔ ሰርቆ የተቀኘ ተማሪ ምን ይባላል?»

«እሱማ መሳቂያ ነው! ዳግመኛ ጉባኤ ፊት አይቆምም።»

«ታዲያ የአንቱን የወሰደው ለምን ይከበራል?»

አያ ገላው ማሲንቋቸውን ወደ ጉልበታቸው ሳብ አደረጉና «ባልፈርም ጥሎኝ ቢሄድስ?» አሉ።

«ሊሄድ ይችላል፤ አልዋሽዎትም። ከፈረሙ ግን ፋንታን ሁለተኛ ያጡታል።»

አብረው የሸክላ ነጋዴው ወዳረፈበት ሆቴል ሄዱ። ነጋዴው ወረቀቱን ገፋ አድርጎ «ፈርም እንጂ!» አለ። ይማም ጮክ ብሎ አነበበው፤ ያለፈውንም የሚመጣውንም ዘፈን ለዘለዓለም ሸጫለሁ የሚል ነበር።

«ሸክላው ያንተ፣ ዜማው የእኔ ነው» አሉ አያ ገላው። «ስሜ ይጻፍ፤ ቃሌ ያለ ፈቃዴ አይለወጥ፤ ከተሸጠው ድርሻዬ ይታሰብልኝ።»

ነጋዴው ስቆ ወረቀቱን አጠፈ። አያ ገላው ባዶ እጃቸውን ቢቸና ገቡ፤ ያ ክረምትም ከበዳቸው። ሆኖም ሸክላ የሚገዛው ሕዝብ የእሳቸውን ድምፅ እየጠየቀ ስላስቸገረው፣ ነጋዴው ከፋሲካ በኋላ ራሱ ቢቸና ድረስ መጣ። ውሉም ከዩኒቨርስቲ ለዕረፍት የመጣው ይማም ባለበት፣ አያ ገላው እንደ ጠየቁት ሆኖ እንደገና ተጻፈ።

ልቅሶው በቀድሞ ቃሉ የተቀረጸበት አዲሱ ሸክላ ቢቸና ሲደርስ የፋንታ ሚስት ይርጋነሽ የባሏን ስም ሰማች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «ዛሬ ገና ተቀበረልኝ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ለአያ ገላው ድርሻው በየጊዜው ይደርሳቸው ጀመር፤ ልጃቸው ባንቺዓለምም ትምህርቷን ሳታቋርጥ ቀጠለች። ወጣት አዝማሪዎች ሊያማክሯቸው ሲመጡ እንዲህ ይሏቸዋል፦ «ያልገባህን አትፈርም። ማንበብ ባትችል የሚያነብልህ ጥራ። ድምፅህን ለሚቀርጸው የድካሙን ዋጋ አትንፈገው፤ ለዘለዓለም ሽጥልኝ ሲልህ ግን እሺ አትበለው። ጉሮሮ ያረጃል፤ ልጆችህን የሚያበላቸው ያወጣኸው ዜማ ነው።»